ወንድሜ «ሴት ትድናለች እንጂ አታድንም» አለ

ጥያቄ፦

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ ነው፤ የምንኖረው ሄርማታ አካባቢ ነው። 27 ዓመቴ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። እናታችን ካረፈች ወዲህ 15 ዓመት የሆነውን ወንድሜን የማሳድገው እኔ ነኝ። 9 ዓመት የሆናት የአክስቴ ልጅም ከእኛ ጋር ናት። አምና ወንድሜ ጌም ቤት እያመሸ ሲያስቸግረኝ፣ ቢያንስ ዓይኔ ሥር ይሁን ብዬ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ገዛሁለት። ፊፋ፣ ጎድ ኦፍ ዋር እና ያ እናቱ የሞተችበት፣ ሲጄ የሚባለው ልጅ ያለበትን ጂቲኤ ይጫወታል። በቀደም ትንሿ «እኔም ልሞክር፣ ሴቷን አምጣልኝ» አለችው። እሱም «ሴት የለችም። ሴት እኮ ትድናለች እንጂ አታድንም» አላት። ልጅቷ ምንም ሳትል ተነሥታ ወጣች። እኔ ግን ነገሩ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጎረቤቶቼ «ዕቃውን ሽጪው፣ ልጁን ሊያበላሽብሽ ነው» ይሉኛል። ልሽጠው? ወይስ ነገር አክብጄ ነው? እውነት በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ እንደ ሰው የተጻፈች ሴት የለችም? ትንሿንስ ምን ልበላት? ይምከሩኝ።

ታላቅ እህት፣ ከጅማ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አትሽጪው። ብትሸጪው ወንድምሽ ተመልሶ ጌም ቤት ነው የሚገባው። እዚያ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ አንቺ አታውቂም። አሁን ግን ሲናገር ሰምተሽዋል። ከሰማሽው ደግሞ ልታወሪው ትችያለሽ።

ነገርም አላከበድሽም። ፊልም ሁለት ሰዓት ታይቶ ያልቃል። እንደ ጎድ ኦፍ ዋር ያለ ታሪክ ያለው ጌም ግን ከልጁ ጋር ሳምንታት ይከርማል። ዝም ብሎም አይታይም። ልጁ ራሱ ይሮጣል፣ ራሱ ይመታል፣ ሲሸነፍ ራሱ የተመታ ያህል ይጮሃል። እንዲህ ገብቶ የሚኖርበት ታሪክ ሴትን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ካስቀመጠበት፣ ያ ቦታ የተፈጠረችበት ቢመስለው አይገርምም።

ግን ሁሉንም በጌም ላይ አንላክክ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ጌም ከመፈጠሩ በፊት የነበረ፣ የራሳችን ነው። ወንድምሽ ያን አባባል ከሠፈርም ከስክሪንም እየሰማ ነው ያደገው። የስክሪኑን ላስቀድም፤ ከየት እንደመጣ ካወቅሽ ከሱ ጋር ስታወሪ ይጠቅምሻል። የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1981 ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዶንኪ ኮንግ የሚባል ጨዋታ አወጣ። አንድ ትልቅ ጎሪላ አንዲት ሴት ይዞ ላይ ይወጣል። ከታች አንድ አናጺ በርሜል እየዘለለ ሊያድናት ይሄዳል። ሴትዮዋ ከላይ ሆና «እርዱኝ» ትላለች፤ ሥራዋ ያ ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ስም እንኳ አልነበራትም። ፖሊን የሚለው ስም በኋላ ነው የመጣላት። አናጺው በኋላ ማሪዮ የተባለው ሰውዬ ነው። በ1985 ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሲወጣ፣ በእሷ ፈንታ የምትታገተው አንዲት ልዕልት ሆነች። ተጫዋቹ ሰባት ግንብ እየጨረሰ በየመጨረሻው የሚሰማው ያው አንድ መልእክት ነው፦ ልዕልታችን ሌላ ግንብ ውስጥ ናት። ስምንተኛው ላይ ትገኛለች። ታመሰግነዋለች፤ አለቀ።

የዚያን ጊዜ ማሽን አቅሙ ትንሽ ነበር። ሳንቲም ከትቶ የሚጫወት ሰውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ግቡ ሊገባው ያስፈልግ ነበር። «ሴት ተይዛለች፣ አድናት» ማብራሪያ አይፈልግም። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ ማሽኑ አድጎ ሙሉ ከተማ መያዝ ከቻለ በኋላም ያው ታሪክ መቀጠሉ ነው። በ1986 የወጣው ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ የተሰየመው በልዕልቷ ነው፤ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ግን ሊንክ የሚባለውን ልጅ ነው። ስሙ የሷ፣ ጉዞው የሱ። በዋናው ተከታታይ ውስጥ ዜልዳ ራሷ ዋና ተጓዥ የሆነችው በ2024 ነው። 38 ዓመት ፈጀ።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ መንገድም ነበር፤ ይህን ለወንድምሽ ሳትነግሪው እንዳትቀሪ። ሮቤርታ ዊሊያምስ የምትባል አሜሪካዊት የጌም ደራሲ በ1988 ኪንግስ ክዌስት 4ን አወጣች። ንጉሡ በልብ ሕመም ይወድቃል። ልጁ ሮዜላ የሚፈውሰውን ፍሬ ፍለጋ ወደማታውቀው አገር ብቻዋን ትሄዳለች። ሴት ልጅ አባቷን ታድናለች። ይህ የሆነው ወንድምሽ ከመወለዱ ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።

አሁን ወደ ራሱ ጨዋታዎች እንምጣ። በ2005 በወጣው የመጀመሪያው ጎድ ኦፍ ዋር ውስጥ ዋናው ተዋጊ ክሬቶስ ሚስቱንና ሴት ልጁን ተታሎ በገዛ እጁ ገድሏቸዋል፤ ቁጣው ሁሉ ከዚያ ይነሣል። የ2018ቱ ደግሞ የሚጀምረው በሌላዋ ሚስቱ ቀብር ነው። አስከሬኗ ይቃጠላል፤ አባትና ልጅ አመዷን ከተራራ ጫፍ ሊበትኑ ይጓዛሉ። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስም፣ በ2004 የወጣው፣ ሲጄ ለተገደለች እናቱ ቀብር ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ነው የሚጀምረው። በ2013 የወጣው ዘ ላስት ኦፍ አስ በአንዲት ልጅ ሞት ይጀምራል። ሴቷ ትሞታለች፣ ወንዱ ይነሣል። ድሮ ግንብ ውስጥ የነበረችው አሁን መቃብር ገባች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ሙሾ አውራጇ ስለ ሟቿ ትናገራለች። ማንን እንዳሳደገች፣ እጇ ምን እንደሚያውቅ፣ በችግር ቀን ለማን እንደደረሰች። ለቅሶ ላይ ሟች እንኳ ሙሉ ሰው ናት። በብዙ ጌሞች ግን የሞተችው ሴት ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን ያስጨንቃት እንደነበር ማንም አይነግረንም። የምትሞተው የሰውየው ንዴት እንዲገባን ነው።

ስለዚህ ከወንድምሽ ጋር ስትቀመጪ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዢ፦ ይቺ ሴት ምን ትፈልጋለች? ቆንጆ ናት ወይ፣ ጉልበተኛ ናት ወይ፣ ልብሷ አጭር ነው ወይ እያልሽ አትጀምሪ። ምን ትፈልጋለች? ለዚያ ብላስ ምን ታደርጋለች? መልስ ካለው ሰው ናት። መልስ ከሌለው ዕቃ ናት።

ደስ የሚለው፣ መልሱ በገዛ ጨዋታው ውስጥ አለለት። በ2018ቱ ጎድ ኦፍ ዋር ውስጥ ፍሬያ አለች፣ ጫካ ውስጥ የምትኖረው። «ፍሬያ ምን ትፈልጋለች?» በይው። ወዲያው ይመልስልሻል። ልጇ ባልደር እንዳይሞት ትፈልጋለች። ለዚህ ብላ ምንም እንዳይነካው በአስማት አሰረችው። እሱ ግን ቅዝቃዜም ሙቀትም፣ የምግብ ጣዕምም የማይሰማው ሆነ፤ እናቱን ጠላት። ፍቅሯ ልጇን አበላሸባት። ይህ የእናት ታሪክ ነው፤ ስንት ቤት የምናውቀው። ቀጥለሽ «የክሬቶስ ልጅ አትሬየስ ታሞ ሊሞት ሲል መድኃኒቱን ሠርታ ያዳነችው ማን ናት?» በይው። ያም ፍሬያ ናት። ወንድምሽ «አታድንም» ሲል ራሱ የተጫወተውን ረስቷል። ሟቿ ሚስት ፌይም ብትሆን ጉዞው ሁሉ እሷ አስባበት እንዳለቀ መጨረሻው ላይ ይገለጣል። በዚያ ጨዋታ ድምፅዋ አይሰማም፤ ይህ ይቆጨኛል። ግን ከ2005ቱ ብዙ መንገድ መጥቷል።

ስለ ጂቲኤ ቀስ ብዬ ልናገር። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ልቤን ነካው። ጨዋታውን የገለጽሽው «እናቱ የሞተችበት» ብለሽ ነው። ወንድምሽም እናቱን ያጣ ልጅ ነው። ያን ጨዋታ ለምን እንደሚወደው ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ምናልባት መኪናውን ብቻ ይሆናል። ምናልባት ሌላም ነገር አለ። «የሲጄ እናት ምን ዓይነት ሰው የነበረች ይመስልሃል?» በይው። ጌሙ ብዙ አይነግረውም፤ ራሱ ይሙላው። ወሬው ወደ ራሳችሁ እናት ከሄደ አታቋርጪው። እናታችሁ ምን ትፈልግ እንደነበር፣ በልጅነቷ ምን ልትሆን ታስብ እንደነበር የምታውቂውን ንገሪው። ካንቺ በቀር የሚነግረው የለም።

ያም ሆኖ ሳን አንድሪያስን ለጊዜው አስቀምጪው። የተሠራው ለአዋቂ ነው፤ እኛ ጋ ዲስክ ሲሸጥም ሲከራይም የዕድሜውን ምልክት የሚያይ ጥቂት ነው። በዚያ ጨዋታ ሴት በገንዘብ ትገዛለች፤ ተጫዋቹ ከፈለገ ይመታታል፣ ይገድላታል። የሲጄ እህት ኬንድል የራሷ ሐሳብ ያላት ሰው ናት፤ ወንድሟ ስዊት ጓደኛዋን እንድትተው ሲያስገድዳት እሺ አትልም። ግን ለአንድ ኬንድል መንገድ ዳር የቆሙት ብዙ ናቸው። የ15 ዓመት ልጅ ይህን ለብቻው እንዲያጣራ መተው አይገባም። ጎድ ኦፍ ዋርም ለአዋቂ ነው የተመደበው። እሱን ግን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ፣ እያወራችሁ ይጨርሰው ብል እመርጣለሁ። ደሙን ያያል፤ የፍሬያንም ነገር አብሮ ያስባል። ጂቲኤን ስታስቀምጪበት ግን ሳትደብቂ፣ ምክንያቱን ነግረሽው ይሁን።

ሴቲቱን መሣሪያ ማስያዝ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። በ1986 ሜትሮይድ የሚባል ጨዋታ ወጥቶ ነበር። በብረት ልብስ የተሸፈነው ተዋጊ መጨረሻ ላይ ሴት ሆኖ ይገኛል፤ ስሟ ሳመስ አራን ነው። ለዚያ ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ተጫዋቹ በፈጠነ ቁጥር መጨረሻ ላይ ልብሷን ቀንሳ ነው የምትታየው። ጀግናዋን መልሰው ሽልማት አደረጓት። በ1996 የመጣችው የቱምብ ሬይደሯ ላራ ክሮፍትም እንዲሁ ሁለት መልክ ነበራት። ጥንታዊ ቅርስ ትፈልጋለች፣ እንቆቅልሽ ትፈታለች፣ የማንንም እጅ አትጠብቅም። ማስታወቂያው ግን የሚሸጠው ሰውነቷን ነበር። በ2013 ታሪኳ እንደ አዲስ ሲጻፍ ዋናዋ ጸሐፊ ሪያና ፕራቼት የምትባል ሴት ነበረች። ያቺ ላራ ትፈራለች፣ ትሳሳታለች፣ የተያዘች ጓደኛዋን ሳታስለቅቅ አትሄድም።

ይህን ጥያቄ ያነሣሽው አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽም እወቂ። አኒታ ሳርኪዢያን የምትባል ሐያሲ በ2012 ሴቶች በጌም ውስጥ እንዴት እንደሚሣሉ የሚያስረዱ ቪዲዮዎች ለመሥራት ገንዘብ ማሰባሰብ ስትጀምር ስድብና ዛቻ ወረደባት። በ2014 አሜሪካ ውስጥ ዩታ ግዛት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ልታደርግ የነበረውን ንግግር በግድያ ዛቻ ምክንያት ሰርዛለች። በ2020 ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 ሲወጣም፣ አቢ ለምትባለው ጡንቻማ ገጸ ባሕርይ ድምፅ የሰጠችው ተዋናይት ላውራ ቤይሊ እንገድልሻለን ተብላለች። ድምፅ ስለሰጠች። ጉዳዩ ቀላል ቢሆን ኖሮ ሰው እስከዚህ አይቆጣም።

እንደ ሰው የተጻፈች ሴት የለችም ወይ ላልሽው፣ አለች። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ የሚሠራውን ሆራይዘን ዜሮ ዶውንን ፈልጊለት። በ2017 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የሠራው ነው። አሜሪካኖች ከ13፣ አውሮፓውያን ከ16 ዓመት ጀምሮ ብለውታል። ጀግናዋ አሎይ ናት። ከተወለደች ጀምሮ ጎሳዋ አግልሏታል። ያሳደጋት ሮስት የሚባል እንደሷው የተገለለ ሰው ነው፤ አባቷ ሳይሆን አባት የሆናት። የብረት አውሬዎችን በቀስት ትጥላለች፤ ወንድምሽን መጀመሪያ የሚይዘው ይህ ይሆናል። እሷን ከልቧ የሚነዳት ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ እናቴ ማን ናት? ታሪኩ ሁሉ ከዚያ ይመዘዛል። እናቱን ላጣ ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ከቀስቷ ይልቅ እኔን ደስ ያሰኘኝ ሌላ ነው። ያንን ጎሳ የሚመሩት አሮጊቶች ናቸው፤ እነሱም እርስ በርስ አይስማሙም። አንዷ ታዝንላታለች። ሌላዋ እርግማን ናት ትላለች። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሴት አንዲት ብቻ ስትሆን፣ ሴት የተባለን ሁሉ ተሸክማ ትቆማለች። ከደከመች ሴት ደካማ ናት ይባላል፤ ከከፋች ሴት ክፉ ናት ይባላል። ብዙ ሲሆኑ ግን አንዷ ደግ፣ አንዷ ግትር፣ አንዷ ፈሪ፣ አንዷ ሳይንቲስት መሆን ይችላሉ። ሄርማታ ገበያ ብትወጪ የምታገኚያቸው ሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዷ ካንዷ አትመሳሰልም።

ከስክሪን ውጭም ሥራ አለሽ። ወንድምሽ ስለ ዐድዋ ትምህርት ቤት ተምሯል። እቴጌ ጣይቱ መቀሌ ላይ ምንጩን አስይዘው ምሽግ ውስጥ የነበረውን ጠላት በውሃ ጥም ያስጨነቁበትን ታሪክ ደግመሽ አንሺለት። ያ ጦርነት ጌም ቢሆን ኖሮ ያን ምዕራፍ በማን ሆኖ ይጫወተው ነበር? አንድ እሑድ ደግሞ ሁለቱንም ይዘሽ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ጅሬን ውጪ። አስጎብኚው ስለ ሁለተኛው አባ ጅፋር ሲያወራ፣ እናታቸው ጉሚቲ ማን እንደነበሩ ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቁት። አንቺም ራስሽን አትርሺ። «አታድንም» ያለው ልጅ የሚበላው፣ የሚለብሰው፣ የሚጫወትበት ዕቃ ጭምር የመጣው በአንዲት ሴት መርፌ ነው። ይህን በቁጣ አትንገሪው፤ ውለታ ቆጠራ ይመስልበታል። ግን ልብስ ሰፊነት እንዴት እንደጀመርሽ፣ ምን ልትሆኚ ታስቢ እንደነበር ነግረሽው ታውቂያለሽ? እህቱ ምን እንደምትፈልግ ያላወቀ ልጅ ልዕልቲቱ ምን እንደምትፈልግ ሊጠይቅ ይከብደዋል።

መቼ ላውራው ካልሽ፣ ግጥሚያ መሃል አይሁን። ጓደኞቹ ባሉበትም አታርሚው። መብራት ሲጠፋ ጥሩ ጊዜ ነው። ስክሪኑ የለም፤ የጅማ ዝናብ ከያዘ ደግሞ የትም አይሄድም።

የቀረችው ትንሿ ናት። «ሴቷን አምጣልኝ» ብላ ነበር፤ እናምጣላት። በ2015 በወጣው ፊፋ 16 ለመጀመሪያ ጊዜ 12 የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖች ገቡ። ታሪክ ያለበት ፊፋ ከፈለግሽ ደግሞ ፊፋ 19 አለ። አሌክስ ሃንተር የሚባል ወጣት ተጫዋች አለ፤ በአባቱ በኩል እህቱ ኪም ትባላለች። ኪም ለአሜሪካ ሴቶች ቡድን ትጫወታለች፤ ወደ 2019ኙ የዓለም ዋንጫ የሚወስደው የራሷ ታሪክ አላት። ግቧን የምታገባው ራሷ ናት። አዲሱን ሁሉም ስለሚፈልግ አሮጌው ዲስክ ብዙ አይወደድም። ወንድምሽን ከዲስክ ነጋዴዎቹ ፈልጎ እንዲያመጣ ላኪው፤ እሱ የት እንደሚገኝ ካንቺ በላይ ያውቃል።

ለልጅቷ ረጅም ምክር አትስጫት። የሮዜላን ታሪክ ማታ ከመተኛቷ በፊት ንገሪያት፤ ይበቃል። ወንድምሽንም ይቅርታ ጠይቃት ብለሽ አታስገድጂው። ይልቅ ጆይስቲኩን እንዴት እንደምትይዝ፣ ኳስ እንዴት እንደምታቀብል እንዲያስተምራት አድርጊ። ተራቸው እኩል ይሁን፤ አንድ ግጥሚያ እሱ፣ አንድ ግጥሚያ እሷ። መጀመሪያ ላይ ትሸነፋለች፤ ይስቅባት ይሆናል፤ እሷም ትናደድበታለች። ያን ጊዜ ጣልቃ አትግቢ። ተራዋን ከወሰደባት ግን ግቢ።